ሦስት ጣት ስፖንጅ

ባሌ ከሞተር ሲወርድ ማየት የሚፈልግ ሰው ጊዜ ሊኖረው ይገባል። መጀመሪያ ሞተሩን ያጠፋል። ከዚያ ሁለት እጁን ነዳጅ ታንከሩ ላይ አስደግፎ ትንሽ ያስባል። ቀጥሎ ቀኝ እግሩን በእጁ እያገዘ ወደ ግራ ያሻግረዋል። መሬት ከረገጠ በኋላም ወዲያው ቀና አይልም፤ እንደ ጎበጠ ግቢውን አቋርጦ፣ ሦስቱን ደረጃ ወጥቶ፣ ወጥ ቤት ሲደርስ ነው ወገቡን ይዞ ቀስ እያለ የሚቃናው።

"ምን ጠፋብህ?" እለዋለሁ መሬት መሬቱን ሲያይ።

"ወገቤ።"

ይህን ቀልድ ሁለት ዓመት ያህል ተቀባበልነው። እውነቱን ለመናገር ማሳቁ ካበቃ ቆይቷል፤ ሌላ የምንለው ስላጣን ነው።

ሥራው የውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። ከከተማ ወጣ ባሉ መንደሮች በእጅ የሚገፉ ፓምፖች ተተክለዋል፤ አንዱ ሲደርቅ፣ ሌላው መጮህ ሲጀምር ለእሱ ይደወላል። መሣሪያውን በቆርቆሮ ሣጥን አድርጎ ከሞተሩ ኋላ ጠፍሮ ይሄዳል። እንደደረሰ ብዙ አያወራም፤ ጆሮውን ቧንቧው ላይ ለጥፎ "ግፉ!" ይላል፤ ሦስት አራት ጊዜ ሲገፋ ያዳምጥና "ጎማዋ ናት" ወይም "ዘንጉ ነው" ብሎ ይፈርዳል። ተሳስቶ አያውቅም ባልልም፣ ሲሳሳት ያየው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ጄሪካን ይዘው የሚሰለፉት ሴቶች "የፓምፕ ሐኪም" ይሉታል። እኔ ግን የሚያንጠባጥበውን የወጥ ቤታችንን ቧንቧ እንዲሠራልኝ ሰባት ወር ለምኜዋለሁ።

እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ስህተት ሳይ እጄን ይበላኛል፤ ቀይ እስክሪብቶ ከሌለ በምላሴ አርማለሁ። የራሴን አንድ ስህተት ለማረም ግን ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ የምነግራችሁም እሱን ነው።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። የባሌ አዲሱ የክፍል አለቃ ወጣትና ጨዋ ሰው ነው፤ ባለጌ ቢሆን ይሻለን ነበር፤ ቢያንስ እንሰድበዋለን። አንድ ቀን በመስኮት አሻግሮ ባሌ ከሞተር ሲወርድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየ። በማግስቱ ጠርቶ ወንበር ሳበለትና "ጋሼ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሥሩ፤ ሞተሩን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን። ለእርስዎ አስበን ነው" አለው።

ባሌ ደብዳቤውን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ለእኔ አስበው ነው" አለኝ፤ እራቱንም አልነካም። እኔ ተናደድኩ። ይህ ሰው መንገድ ላይ ካልዋለ እንቅልፍ የማይወስደው፣ የየመንደሩን ውሻ በስም የሚያውቅ ሰው ነው። በር ዘግቶ ብሎን ሲያድል ቢውል በስድስት ወር ውስጥ እንደሚያረጅብኝ ዓይኔ እያየ ታወቀኝ።

በነጋታው ግን እሱ ከእኔ የተሻለ ነገር ይዞ ተነሣ። አለቃው ቢሮ ገብቶ፣ "የወሩ መጨረሻ ዙር አለ፤ ሩቁ መስመር፣ አራት መንደር፣ ሁለት ቀን ሙሉ። እሱን ልሂድ። ስመለስ ከሞተሩ ወርጄ እዚህ ጠረጴዛ ድረስ ቀጥ ብዬ ካልመጣሁ ቁልፉን በገዛ እጄ አስረክባለሁ" አለ። አለቃው ትንሽ አሰበና ተስማማ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበረን።

"ወገብህን የፈጀው ወንበሩ ነው" አልኩት። "ወገብ አይቀየርም። ወንበር ይቀየራል።"

በዚያው ሳምንት መለዋወጫ መሸጫ ሄድን። የሞተር ወንበሮች ግድግዳው ላይ ተደርድረው ተሰቅለዋል፤ ጠባብ፣ ሰፊ፣ ባለ መደገፊያ፣ ባለ ቀይ ክር። ሻጩ አፉ ቅቤ ነው። "ይሄ ለረጅም ጉዞ ተብሎ የተሠራ ነው። ይሄኛው ውስጡ ጄል አለው። በዚህኛው ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ የወሰደው ደንበኛ አለኝ" ይላል። እየነዳ ወይስ ቆሞ ብዬ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት። ባሌ እያንዳንዱን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ጠንከር ያሉትን ይተዋል፤ ጣቱ ስምጥ የሚልበት ሲያገኝ ደግሞ ይጫናል። በመጨረሻ ከሁሉም ወፍራሙንና ከሁሉም ለስላሳውን መረጠ። እኔም በመዳፌ ጫን አድርጌ "ፍራሽ በለው!" አልኩ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ተገጠመለትና ተቀመጠ። ወንበሩ ከሥሩ ስምጥ አለ፤ ሁለት እግሩ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ አረፈ። ፊቱ በራ። ሦስት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ "ይሄ ነው" አለ፤ ይዘነው ወጣን።

ማክሰኞ ቅርብ መንደር ሄዶ ሲመለስ ከበፊቱ ብሶ ነበር። የመጨረሻዎቹን ኪሎሜትሮች መርገጫው ላይ ቆሞ ነው የነዳው። "የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ንጉሥ ነበርኩ" አለኝ አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ። "ከዚያ ስፖንጁ ተኛ። ብረቱ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የመጣሁት። የመንገዱን ጠጠር አንድ በአንድ ልቆጥርልሽ እችላለሁ።"

አሮጌውን ወንበር መልሶ ገጠመ። እኔ ደግሞ ከሳሎን አንድ ጠንከር ያለ ትራስ አምጥቼ "ይኼን አስረህ ሞክር" አልኩት። ሲቆጣ አይቼው የማላውቀውን ያህል ተቆጣ። "ትራስ ላይ? ከፍ ብዬ፣ እንደ ሕፃን ተፈናጥጬ?" ብሎ ትራሱን ከእጄ ነጥቆ ወደ ሳሎን ወረወረው። ክው አልኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው በአንድ ትራስ እንዲህ መሆኑ አልገባኝም።

መላውን የነገረኝ የትምህርት ቤታችን አውቶቡስ ሹፌር ነው። "ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ወንበር የሚሠሩ ሴትዮ አሉ። እትዬ ኮርቻ ነው የሚሏቸው። እኔ እዚህ አውቶቡስ ላይ አሥር ዓመት የቆየሁት በእሳቸው ነው" አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ባሌን እየጎተትኩ ሄድኩ፤ እሱ ሞተሩን እየነዳ፣ እኔ በታክሲ። ከኋላው መፈናጠጥ ከተውኩ ብዙ ዓመት ነው።

እትዬ ኮርቻ ስድሳዎቹን የጨረሱ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ሥራ ቤታቸው የሙጫ ሽታ ያፍናል፤ በአንድ በኩል የጥቁር ላስቲክ ቆዳ ጥቅል፣ በሌላ በኩል እስከ ጣሪያ የተቆለለ ስፖንጅ አለ። ስፖንጁ ሁሉ በኖራ ጠመኔ ተጽፎበታል፦ "ጠንካራ"፣ "መካከለኛ"፣ "ለአላዋቂ"።

"የትኛው ነው ለአላዋቂ?" አልኳቸው።

"በአውራ ጣት እየተጫኑ ለሚገዙት ነው፣ ልጄ።"

ባሌ አውራ ጣቱን ወደ ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። የት ያምሃል? በስንተኛው ሰዓት? መንገዱ አስፋልት ነው ጠጠር? ወደ ፊት ያንሸራትትሃል? ከኋላህ ማን ይቀመጣል?

"ማንም" አለ ባሌ።

እሳቸው እኔን አዩኝ፤ እኔ የስፖንጁን ክምር አየሁ። እርጥብ አሸዋ የተሞላ ትሪ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ላስቲክ አለበሱትና "ቁጭ በል" አሉት። የፓምፕ ሐኪሙ አሸዋ ላይ ቁጭ አለ። ሲነሣ ሁለት ጉድጓድ ቀርቷል፤ በጣታቸው ለኩና "ሰውነትህን የሚሸከሙት እነዚህ ሁለት አጥንቶች ናቸው። ከሥራቸው የማይሰምጥ ነገር ካላገኙ ሥራቸውን ለወገብህ ይሰጡታል። ለአምስት ደቂቃ የሚመች ወንበርና ለአምስት ሰዓት የሚመች ወንበር አይተዋወቁም" አሉ። ቀጥለውም አሮጌውን ወንበር ከሞተሩ ፈተው ገልብጠው፣ ሽቦውን በጉጠት እየነቀሉ ልብሱን ገፈፉት። መነጽራቸውን አደረጉ።

"ይሄን ማን ነው የቆረጠው?"

ስፖንጁ ከላይ እስከ ታች ተልጧል። ወጣ ገባ ነው፤ ቦታ ቦታ ላይ ከሥር ያለው ብረት ሊታይ ምንም አልቀረውም።

"ሲገዛም እንደዚያ ነው" አለ ባሌ።

"ፋብሪካ በዳቦ ቢላ አይቆርጥም፣ አንተ ልጅ።"

ዳቦ ቢላ! በትዳራችን ሦስት የዳቦ ቢላ ዶልዱሞብኛል። ባሌም በሃያ ሁለት ዓመት ሦስት ሞተር ቀያይሯል። አዲስ ሞተር በተሰጠው ቁጥር፣ የመጀመሪያውን እሁድ ጓሮ ገብቶ "ሰርቪስ ላድርገው" ይል ነበር። እኔ ዳቦው ደርቆ ነው እያልኩ ዳቦ ቤቱን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ዞሬ አየሁት፤ ጆሮው ደም መስሏል።

እትዬ ኮርቻ ጣታቸውን አጋድመው ለኩ። "ሦስት ጣት። ሦስት ጣት ስፖንጅ ቀንሰህ ብረት ላይ ስትቀመጥ ኖረሃል። ለምን?"

ባሌ ወለሉን እያየ፣ "እግሬ አይደርስም" አለ።

ሳቄ መጣ። የለመደብኝ ነው፤ አፌ ከእኔ ይቀድማል። ገና ጥርሴ ብቅ ሲል ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

"ሳቂ። ያኔም ስቀሻል" አለኝ።

ያኔ ማለት በተጋባን በሁለተኛው ወር ነው። የመጀመሪያው ሞተር እንደተሰጠው ከኋላው አፈናጦኝ ከተማውን ሊያሳየኝ ወጣን። ዳቦ ቤቱ ያለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ የትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሣ። ባሌ ቆመ፤ እግሩን ዘረጋ፤ እግሩ መሬት ፈለገ፤ መሬት ግን አልነበረችም። እንደ ቁም ሣጥን ቀስ ብለን ወደቅን፤ ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እያየ። ምንም አልሆንንም፤ እኔ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ በሳቅ ፍርስ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ታሪኩን ያልነገርኩበት ቦታ የለም። በየሠርጉ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በወንድሞቹ ፊት። "ባለቤቴ መሬት ፍለጋ ወርዶ እኔንም ይዞኝ ሄደ" ስል ጥርሱን የሚከድን አይገኝም ነበር። እሱም አብሮ ፈገግ ይላል። ስናገር አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ እዘላለሁ፤ እሱን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ባሌ ደግሞ ያን ጊዜ በሳምንቱ ጓሮ ገብቶ ስፖንጁን ቆርጧል። እዚያ ሙጫ የሚሸት ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ወገቡን የፈጀው ብረቱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። አፈርኩ።

እትዬ ኮርቻ በእኛ ነገር አልገቡም። ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳ ላይ ሣሉ። "ከኋላ ሰፊ፣ ጠንካራ፣ ሜዳ። ከፊት ጠባብ፤ ጭንህን ወደ ጎን እንዳይከፍተው፣ እግርህ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ። የቆረጥከው ሦስት ጣት ስፖንጅ ይመለሳል፤ እንዲህ ሳደርገው ግን ከከፍታው አንዱን ጣት ለእግርህ አተርፍልሃለሁ። ሁለቱን ግን አልችልም። ስትቆም በአንድ እግርህ ጣቶች ነው የምትቆመው፤ ተረከዝህ አየር ላይ ይሆናል። ወይ ተረከዝህን ወይ ወገብህን። የቱን ልያዝልህ?"

"ሠርተው ያሳዩኝ" አለ ባሌ በቀጭን ድምፅ።

እሳቸው ዘንድ አንድ ሕግ አለ፤ ሳይነዳ የሚሰፋ ወንበር የለም። ስፖንጁን ቆርጠው፣ አጣብቀው፣ በሞረድ አለሳልሰው፣ ልብስ ሳያለብሱ በላስቲክና በፕላስተር ይጠቀልሉትና "ሁለት ሰዓት ነድተህ ና፤ የቆነጠጠህን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርግበት" ይላሉ። ጠመኔውንም ኪስ ውስጥ ይከቱልሃል። ባሌ በሚቀጥለው ቅዳሜ በፕላስተር የታሸገውን ወንበር ገጥሞ ሄደ። ሲመለስ እዚያው ነበርኩ። ከሞተሩ ወረደ። እግሩን በእጁ አላነሣም፤ ታንከሩ ላይም አልተደገፈም። ዝም ብሎ ወረደ! እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

እሱ ግን ፊቱ ጠቁሯል። "ለወገቤ ጥሩ ነው" አለ። "ብቻ... ገበያው ጋ ስቆም ሰው ያየኛል። አንድ ጣት ብቻ ይቀንሱልኝ፣ እትዬ። አንድ ጣት ምን ያደርጋል?"

እትዬ ኮርቻ ቢላቸውን በእጀታው በኩል አቀበሉት። "ራስህ ቁረጠው። ልማድህ ነው።"

ባሌ ቢላውን ይዞ ወንበሩ አጠገብ ቆመ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ሲከፈትለት ታየኝ። "ማንም አይስቅብህም" ልለው ነበር፤ ግን ውሸት ነው፤ ሰው ሊስቅ ይችላል። ስለዚህ እውነቱን አልኩት። "ያኔ የሳቅኩት ባንተ ነው። ሃያ ሁለት ዓመትም የሳቅኩት ባንተ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእግርህ አይደለም። ያን ታሪክ ከዛሬ ጀምሮ ከአፌ አትሰማውም።"

ከዚያ ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከኪሱ ጠመኔውን አውጥቶ፣ ከጠርዙ በኩል ትንሽ ቦታ ላይ ምልክት አደረገ። "እዚህ ጋ ጭኔን ይቆነጥጠኛል" አለ። "ሌላው ይሰፋ።"

"የኋላውንስ?" አሉ እትዬ ኮርቻ። "ያ ማንም ያልከው ሰው የሚቀመጥበትን?"

"እሱንም በደንብ ያድርጉት" አለ፤ ወደ እኔ ሳያይ።

ሩቁን ዙር በወሩ መጨረሻ ሄደ። ሁለት ቀን አስተማርኩ ለማለት እንጂ ምን እንዳስተማርኩ እንጃ፤ ሰባት ሲባዛ በስምንት ሃምሳ አራት ብዬ ጽፌ ተማሪዎቼ አረሙኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። "ምሳ ዕቃውን ረስቷል" የሚል ሰበብ ይዤ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሄድኩ። ዘበኛው ባዶውን ምሳ ዕቃ አይቶ በሩን ከፈተልኝ። ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ የክፍሉ ሰው ግማሹ በረንዳ ላይ ነው፤ አለቃው በመስኮቱ።

አሥር ሰዓት ላይ ከእነ አቧራው ገባ። ግቢው መሃል ላይ አቆመ። ግራ እግሩ ወረደ፤ የጫማው ጫፍ መሬት ነካ፤ ተረከዙ ከመሬት ከፍ ብሎ እዚያው ቀረ። ሁሉም አየ። ከበረንዳው አንዱ "ጋሼ! በሁለት ቀን ቁመት ጨመሩ እንዴ?" ሲል ሳቅ ተነሣ። ምሳ ዕቃውን ጭምቅ አደረግኩት።

ባሌ ቀና ብሎ አየው። "ቁመት የጨመረው ወንበሩ ነው" አለ። "እኔማ ድሮም አጭር ነኝ።" አብሮም ሳቀ፤ ያ የምታውቁት የይምሰል ሳቅ አይደለም።

ከዚያ ወረደ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ቀጥ ብሎ ግቢውን አቋርጦ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጥቶ ቢሮ ገባ። አለቃው በመስኮት አየው፤ በበርም አየው፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ደብዳቤውን ከመሳቢያ አወጣና ለሁለት ቀደደው። "ጋሼ፣ ወንበሩን የት ነው ያሠሩት? የእኔም ሞተር እየገደለኝ ነው" አለው።

ስንወጣ ባሌ የመሣሪያ ሣጥኑን ለዘበኛው አደራ ሰጠ። "ታክሲ ምን ያደርግልሻል? ከኋላዬ ውጪ" አለኝ። ወጣሁ። የኋላው ጠንከር ያለ፣ የማያንሸራትት ሜዳ ነበር፤ የሴትዮዋ እጅ ይባረክ።

መስቀለኛው ላይ ስንደርስ መብራቱ ቀይ ሆነ። ፖሊሱ ከቀረ ቆይቷል፤ ዳቦ ቤቱ ግን አለ፤ ሰልፉም አለ። ሞተሩ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ሲል ተሰማኝ። የሁለታችንም ክብደት በአምስት የእግር ጣቶቹ ላይ ነበር። እኔ ትንፋሼን ውጬ ድርቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔን እንኳ አላንቀሳቀስኩም። ያን ጊዜ ሁልጊዜ የምዘላት ነገር አፌ ላይ መጣች።

"ያኔ" አልኩት ከጀርባው፣ "ሰልፉ ውስጥ የትምህርት ቤት ጓደኛዬን አይቼ ነበር። ሰላም ልላት ብዬ ሙሉ ሰውነቴን ወደ ጎን ወረወርኩ። የጣልኩን እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ታውቃለህ?"

"ከኋላዬ እኮ ነበርሽ። እንዴት አላውቅም?"

"ታዲያ ስፖንጁን ለምን ቆረጥከው?"

ቀዩ መብራት ገና ነው። ባሌ ዞር ሳይል፣ ልክ ጆሮውን ቧንቧ ላይ ለጥፎ ሲፈርድ በሚናገርበት ድምፅ መለሰልኝ።

"እግሬ ቢደርስ ኖሮ፣ ብትወራጪም እይዝሽ ነበር።"